የአዲስ ዕቃ ሽታ

እማ ሃፊዛ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያወሩት ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተው ነው። የማን ልጅ እንደታጨች፣ የትኛው ዘመድ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ግቢው በሙሉ የሚሰማው በእሳቸው ስልክ ነው፤ ጎረቤት ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገውም። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰልዋ ቧንቧው ሥር የልጇን ምሳ ዕቃ እያጠበች ሳለ፣ አማቷ ከሚያድሩበት ተገጣጣሚ ክፍል የጀላል ድምፅ መጣ። ጀላል የእማ ሃፊዛ ታናሽ ወንድም ነው። ክፍሉን የሸጠላቸውም እሱ ነው።

«እታለም፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ በደንብ አናፍሺው። ሁለቱንም መስኮት ክፈቺ። ማታ ማታስ እንዳልኩሽ በሩን ገርበብ አድርገሽ ነው አይደል የምትተኚው?»

«እሱማ ቤቱን ካመጣህልኝ ቀን ጀምሮ ነው። አንተ ካልከኝ ወዲህ ዘግቼ አላውቅም።»

«ጎሽ የኔ እናት። ሰልዋ ጋ ብቻ እንዳታነሺው።»

ቧንቧው እየፈሰሰ ሰልዋ ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቀረች። አምና ሐምሌ ላይ በዚሁ በር የተነሳ ከአማቷ ጋር ተጨቃጭቃለች። ኮልፌ ውስጥ ሌሊት በር ከፍቶ መተኛት ሌባ ጠርቶ እንደማስገባት ነው፤ አንድ ሌሊት የእማ ሃፊዛ ጫማና የግድግዳ ሰዓታቸው አብረው ሄደዋል። «ይሞቀኛል» ነበር መልሳቸው፣ በዚያ ብርድ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንበው። ሰልዋ እርጅና ነው ብላ ተወችው። ለካስ እርጅና አልነበረም። እሷ ስለ ክፍሉ ሽታ ባነሳች ቁጥር ጀላል «የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው፣ ይለቃል» ይላት ነበር፤ ስትደጋግምበት ደግሞ «የቆሼ ንፋስ ነው» ማለት ጀመረ። ቆሼ ሲሸት ምን እንደሚሸት ለኮልፌ ሰው ማስተማር አይቻልም። የቆሻሻ ክምር አፍንጫ ያስይዛል እንጂ ዓይን እንደ በርበሬ አያቃጥልም። ሰልዋ ተናደደች። ገብታ ልትጮህባቸው ፈለገች፤ ግን አልፊያ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ትምህርት ቤት ሊረፍድባት ነው፤ ምሳ ዕቃውን አድርቃ ሰጠቻት።

ክፍሉ የመጣው አምና የካቲት ላይ በክሬን መኪና ነው። ሰፈሩ ጠባብ ስለሆነ የመብራት ሽቦውን በአጣና ከፍ እያደረጉ ነው ያሳለፉት፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እያየ አጨብጭቧል። ከውጭ ነጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ግድግዳውም ጣራውም ወለሉም የሚያብለጨልጭ ቡናማ ቺፕውድ ነው፤ ዞሮ ዞሮ በሙጫ የተጋገረ ሰጋቱራ ማለት ነው። ዋጋው ለዘመድ ተቀንሶ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር። የእማ ሃፊዛ የወርቅ አምባሮችና የልጃቸው፣ የሰልዋ ባል የመህዲ ዕቁብ እዚያ ውስጥ ገብቷል፤ መህዲ መንገድ ላይ ስለነበር ውሉን በገዢነት የፈረመችው ሰልዋ ናት። እማ ሃፊዛ በሕይወታቸው የራሳቸው ክፍል ሲኖራቸው የመጀመሪያቸው ነበርና ለአንድ ሳምንት ያህል ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ይታዩ ነበር። የሰባት ዓመቷ አልፊያም ትራሷን ይዛ አያቷ ጋ ገባች። በሦስተኛው ወር ልጅቷ ማሳል ጀመረች፤ ሌሊት ሌሊት ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማል፣ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትነሳለች። ሐኪሟ «ቤት ውስጥ አዲስ ዕቃ ገብቷል?» ብላ ጠየቀች። ከእንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ሙጫ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል እንደሚተን፣ ለሕፃን ሳንባ እንደማይበጅ፣ ልጅቷን ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል እንድታወጣት ለሰልዋ ነገረቻት። ሰልዋ የዚያኑ ዕለት ማታ ትራሱን መልሳ ወደ ራሷ አልጋ ወሰደችው። እማ ሃፊዛ ግን እዚያው ቀሩ፤ ትልቁ ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነው፣ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ሲጠየቁ «እኔ ምንም አይሸተኝም» ይላሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሰልዋ የዛን ጊዜ ለጀላል የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጠችው፤ ቤቱ ጉዳት እንዳለው፣ መልሶ እንዲወስደው የሚል። ጀላል እየሳቀ «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመበት። ከዚያ በኋላ ሰርግ አለ፣ ረመዳን ነው፣ ዒድ ይለፍ፣ መህዲ ከጅቡቲ መስመር ይመለስ እየተባለ ወራቱ አለቁ። መህዲ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም «ከእናቴ ወንድም ጋር አታጣይኝ» ይላል። ነገ ቅዳሜ ማስታወቂያው አንድ ዓመት ይሞላዋል። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጀላል የሚፈረም ወረቀት አዘጋጅቶ ቅጂውን ትናንት በስልኳ ልኮላታል። ሰልዋ ወረቀቱን አሳትማ፣ የሽያጭ ውሉንና የሐኪሟን ማስረጃ በፌስታል ይዛ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ታክሲ ያዘች።

ታክሲው ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው ታጭቆ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ሰልዋ ትንሽ ልትከፍተው ስትል ከኋላ አንዲት ሴት «ኸረ ንፋስ ይመታናል!» አለች፣ ሌሎቹም አጉረመረሙ። የአዲስ አበባ ሰው በታክሲ መስኮት ላይ ድርድር አያውቅም። መልሳ ዘጋችው።

ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥባት ክፍል ፍርድ ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ እስከ ጣራ የተከመረ ፋይል። ሳያት የምትባለው የሕግ ባለሙያ ወጣት ናት፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ መጥፎ ነገር ስታገኝ ደግሞ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ውሉን አነበበች፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለሰልዋ ያለው መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ቤቱን መልሳ ገንዘቧን መጠየቅ ትችላለች። ቤቱን ይዛ ዋጋው እንዲቀነስላት መጠየቅም ትችላለች፤ ወይም ቦርዱን በሙሉ ነቅሎ ጤነኛ በሆነ እንዲቀይረው፣ የልጅቷንም የሕክምና ወጪ እንዲችል ማስገደድ። ለንግድ ቢሮ የሸማች አቤቱታ ማስገባትም አለ። የአየሩን መጠን የሚለካ ባለሙያ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሊያዝ ይችላል። ይህን ሁሉ ስትሰማ ሰልዋ ትከሻዋ ቀለል አለ፤ ግን ሳያት ገና አልጨረሰችም።

«እዚህ ጋ 'አይቼና ፈትሼ፣ ካለበት ጉድለት ጋር ተረክቤያለሁ' ብለሽ ፈርመሻል» አለቻት፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። «ለምን?»

«ዘመድ ነዋ። የዘመድ ውል ማን ያነባል?»

ሳያት አልሳቀችም። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ያ መስመር እንደማይጠቅመው፣ ካላወቀ ግን እንደሚከራከርበት ነገረቻት። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚቆመው ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ነው።

«ያውቃል! ዛሬ ጠዋት በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች ሰልዋ፣ የስልኩንም ነገር ነገረቻት።

«አንቺ ከሳሽ ነሽ፤ ያንቺ መስማት ብቻውን ሩቅ አይወስድሽም። የነገራቸው ለአማትሽ ነው። እሳቸው ይመሰክራሉ?»

«በወንድማቸው ላይ?» ሰልዋ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ደስ የሚል አልነበረም። ጀላል የአራት ዓመት ልጅ እያለ እናታቸው ሞታ እማ ሃፊዛ በጀርባቸው አዝለው ነው ያሳደጉት። በእሱ የመጣባቸውን ሰው በዓይናቸው አያዩም።

ሳያት የክሱን ጽሑፍ አዘጋጅታ የምስክር ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ተወችው። ክስ የሚቀበለው ሬጅስትራር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚሠራ፣ ክሱ ከማስታወቂያው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት ስላለበት ሰኞ ከመጣች ጊዜው እንዳለፈ ጀላል ሊከራከርባት እንደሚችል አስጠነቀቀቻት። ከዚያ የጀላልን ወረቀት ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «ይሄን ደግሞ ሽማግሌ ፊት ከፈረምሽ አለቀ። እርቅ እንደ ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ምንም ቢሉሽ፣ ምንም ቢለምኑሽ እንዳትፈርሚ።»

ለሳያት መናገሩ ቀላል ነው። ሰልዋ ስትመለስ መንገዱን በሙሉ የምታስበው ሐጂ ኢብራርን ነበር። እኚህ ሰው ኮልፌ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ የሰልዋን ኒካህም ያሰሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ፊት አጥፊው ተነስቶ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ከጠየቀ አውፍ ይባላል። እምቢ ያለ ሰው በማግስቱ ሥጋ ቤት ሳይቀር «እሷ ናት ሽማግሌ የመለሰችው» እየተባለ ይታያል። ጀላል ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፍርድ ቤት ሳይሆን ሽማግሌ የመረጠውም ለዚህ ነው።

ቤት ስትደርስ እማ ሃፊዛ ሁለቱን መስኮት በሰፊው ከፍተው፣ ወለሉን አጥበው፣ የዒድ ምንጣፋቸውን አንጥፈው የሻይ ብርጭቆ ያብሳሉ። እንግዳ ገብቶ «ቤታቸው ይሸታል» እንዳይል ነው። ሰልዋ በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉ ነፍሷል፤ እሷ ራሷ አሁን ብትጠየቅ ይሸታል ለማለት ያስቸግራታል።

«እማ፣ ጋሽ ጀላል ጠዋት ምን አለዎት?»

የአማቷ እጅ ብርጭቆው ላይ ቆመ። «ደህና ዋይ ብሎኝ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ያንኑ የተጠረገ ብርጭቆ መልሰው ይጠርጉት ጀመር። ከአጎራባቹ ብረታ ብረት ቤት የብረት መቁረጫ ማሽን ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ሁለቱ ሴቶች አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አንዷ ሌላዋ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጋ የምታውቀው በዚያ በር ጉዳይ ብቻ ነው። ሰልዋ አንድ ቃል ብትጨምር እንደምታለቅስ ስላወቀች ወደ ትልቁ ቤት ገባች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ ኢብራርና የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ቢቂላ መጡ። ጀላል ከኋላቸው ሁለት ኪሎ ሙዝና አንድ ካርቶን ጭማቂ ተሸክሞ ገባ፤ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ደግ አጎት ነው፣ አልፊያ ስትታመም ሐኪም ቤት በመኪናው ያደረሳት እሱ ነው። ጫማውን ወደ ትልቁ ቤት በር ሊያወልቅ ሲል ሰልዋ «ጋሽ ጀላል፣ የተጣላነው በዚያ ቤት ነው፣ እዚያው እንቀመጥ» አለች።

«እዚህ አይሻልም? ሰፋ ይላል» አለ።

«ልክ ናት፤ ነገሩ ያለበት ቦታ እንቀመጥ» አሉ ሐጂ ኢብራር። ጀላል ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ሐጂ ዱዓ አደረጉ። አቶ ቢቂላ በፍቅር ስለመኖር ጥቂት ተናገሩ። ከዚያ ጀላል ተራውን ወሰደ፤ ለእህቱ ብሎ ያለ ትርፍ እንደሸጠ፣ አሁንም ለእህቱ ብሎ አየር የሚስብ ማሽን በነፃ እንደሚያስገባ፣ ግን በዘመድ መካከል የክስ ነገር መሰማቱ አጥንቱን እንደሰበረው። የግንቦት ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲያግለው ውሏል። እሱ እየተናገረ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ፣ ከዚያ ዝናቡ አንዴ ወረደ። ውሃው በመስኮት ገብቶ የዒድ ምንጣፉን ሲመታ እማ ሃፊዛ ደንግጠው ተነሱና ሁለቱንም መስኮት ዘጉ፤ በሩንም ገፋ አድርገው ዘግተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሰልዋ አልከለከለቻቸውም።

ጣራው እየጮኸ ሐጂ ኢብራር ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። «ገዢዋ በቤቱ ላይ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደሌላት...» ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ጠረጉ። የጋለው ቦርድ የያዘውን ሁሉ እየለቀቀ ነበር። አቶ ቢቂላ «ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ፣ ግን ሳል አቋረጣቸው። እማ ሃፊዛ የወንድማቸውን ፊት ያያሉ። ጀላል ደግሞ የሚያየው የበሩን እጀታ ነው። ተነስቶ በሩን ከፈተው፤ ዝናቡ ገብቶ የሐጂን እግር አራሰው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ሐጂ።

«ትንሽ አየር ይግባ ሐጂ፤ አስም አለብዎት፣ እንዳይታመሙ ብዬ ነው።»

«ከምን ነው የሚታመሙት?» አለች ሰልዋ።

ጀላል ፈገግ ሊል ሞከረ፣ ወደ እህቱ አየ፣ ከዚያ እጆቹን ዘረጋ። «ኸረ እኔ ክፉ አስቤ አይደለም! ሰዎቹ ሲመልሱት በስድስት ወር ይለቃል ብለውኝ ነው።»

ሐጂ ኢብራር ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «የትኞቹ ሰዎች?»

ጀላል ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ አንድ ቢሮ ክፍሉን ገዝቶ ሠራተኞቹ ዓይናችንን አቃጠለን ብለው እንደመለሱበት፣ ገንዘቡ በሙሉ እዚያ ውስጥ ታስሮበት እንደነበር ተናገረ። ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ሐጂ ዞረ። «አጥፍቻለሁ። አውፍ በሉኝ።» አቶ ቢቂላ እንደ ልማዳቸው ሰልዋን አዩዋት። ሐጂም አዩዋት። አጥፊው ተንበርክኳል፣ ሽማግሌ ይጠብቃል፣ የቀረው የእሷ ቃል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተማረችው ትሕትና ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ አንገቷን ወደ ታች ተጫናት።

«ዝጋው በሩን» አሉ እማ ሃፊዛ።

«እታለም...»

«ዝጋው አልኩህ! ይሽተታቸው።» ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ዓይነት ነበር። ጀላል እንደተንበረከከ እጁን ዘርግቶ በሩን ገፋው። «ይሄን ቤት ያመጣህልኝ ቀን ምን አልከኝ? ገርበብ አድርገሽ ተኚ አልከኝ። ልጅቷን እዚህ እንዳታስተኚያት አልከኝ፤ ለሰልዋ አትንገሪ፣ ትደነግጣለች አልከኝ። ወንድሜ አሰበልኝ አልኩ እንጂ የሰው ትራፊ እንደሸጥክልኝ ምን አወቅኩ! ከሰው የተመለሰ ነው ብትለኝ ኖሮ...» ከዚያ ወደ ሰልዋ ዞሩ፤ እንባቸው ከሽታው ይሁን ከሌላ አይታወቅም። «እኔ ግን አስተኛኋት። ብቻዬን መተኛት ስለማልወድ ሦስት ወር ሙሉ አቅፌ አስተኛኋት። ስታስል እየሰማሁ ብርድ ነው አልኩ።»

ሐጂ ኢብራር ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ለጀላል መለሱለት። «ይሄ የሽማግሌ ነገር አይደለም» አሉና በሳል ታፍነው ወደ ዝናቡ ወጡ። አቶ ቢቂላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ ሳይለዩ ተከተሏቸው። ሰልዋ ስልኳን አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ስትነሳ እማ ሃፊዛም ተነሱ።

«ጫማዬን አቀብይኝ» አሉ።

ጀላል በሩ ላይ ቆሞ «እታለም» አለ፤ ሁለቴ ጠራቸው። እማ ሃፊዛ አጠገቡ ሲያልፉ እርጥብ ትከሻውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት፤ አልቆሙም።

ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰልዋ ተቆጥታ ነበር፣ በጀላል ብቻ ሳይሆን በእሳቸውም፤ «ስታስል እየሰማሁ» ያሉት ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርቷል፣ ወደፊትም ቶሎ እንደማይወጣላት ታውቃለች። ያም ሆኖ አማቷ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ስታይ እጇን አሻግራ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ከኋላ «ኸረ ዝናቡ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። «ከፈለጋችሁ ውረዱ!» አለች፣ ራሷን እስኪገርማት ድረስ። ማንም አልወረደም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሳያት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። ሳያት የክሱን ጽሑፍ አውጥታ ባዶውን ቦታ ፈለገች። የምስክር ስም ጠየቀች፣ እድሜ ጠየቀች፣ አድራሻ ጠየቀች። እማ ሃፊዛ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እያንዳንዱን መለሱ።

«ለተከሳሹ ምኑ ነዎት?»

«ምን አልሽ ልጄ?»

ሳያት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ደጅ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙ። «ለጀላል! ምኑ ነዎት?»

«እህቱ ነኝ» አሉ እማ ሃፊዛ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ብለው ጨመሩ።

ሳያት የመጀመሪያውን ብቻ ጻፈች።